ያገለገለ ዩኒፎርምና መጽሐፍ ሽያጭ ለማስተባበር ምን ልዘጋጅ?

ወላጅ ከጀሞ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ልጆቼ የሚማሩበት የግል ትምህርት ቤት የወላጅ መምህር ህብረት በየዓመቱ ነሐሴ ላይ ያገለገለ ዩኒፎርም፣ መጽሐፍና ቦርሳ ይሸጣል። ዘንድሮ አስተባባሪነቱን በበጎ ፈቃድ ተቀብያለሁ። ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ወደ 600 ተማሪ አለ፤ የሚያግዙኝ 12 ወላጆች ናቸው፤ አዳራሽ ተፈቅዶልናል። ዕቃውን መቼ እንሰብስብ? ዋጋ ማን ይተምን? ከገቢውስ ለባለቤቱ ስንት፣ ለህብረቱ ስንት ይድረስ? ሥራውን የምታውቁት በዝርዝር ንገሩኝ።

የልብስ ጠረጴዛ፦
እንኳን ኃላፊነቱን ወሰዱ። ከሁሉ በፊት መሰብሰቡን ለነሐሴ አያቆዩት። ወላጅ ሁሉ ትምህርት ቤት የሚመጣው ካርድ በሚሰጥበት ዕለት ነው፤ ያን ቀን በር ላይ ጠረጴዛ ዘርግተው ይቀበሉ። በተለይ ከ8ኛ ክፍል የሚወጡት እንዳያመልጧችሁ። ትልልቁ ሹራብና ሱሪ ያለው እነሱ ጋ ነው፤ ክረምቱ ከገባ በኋላ አይገኙም።

ቀድሞ ለተሰበሰበ ልብስ ጠላቱ እርጥበት ነው። በደንብ ሳይደርቅ በላስቲክ ታስሮ የከረመ ሹራብ ሻግቶ ይወጣል፤ ሽታው አብሮት ላለው ሁሉ ይተርፋል። አየር በሚያስገባ ማዳበሪያ ከረጢት ያድርጉት፤ ከወለሉ ከፍ፣ ከግድግዳው ራቅ አድርገው ጣውላ ላይ ይደርድሩት።

ሲቀበሉ እያንዳንዱን ልብስ ወደ ብርሃን ዘርግተው ይዩ፤ የሹራብ ክርን፣ የሸሚዝ አንገት፣ የሱሪ ጉልበትና ዚፕ። ክርኑ ሳስቶ ብርሃን የሚያሳልፍ ሹራብ ብዙ ሳይቆይ ይቀደዳልና ይመልሱት። ቁልፍ ብቻ የጎደለው ይተካል። የወንድ ልጆች ሱሪ ሁሌም ያንሳል፤ ጉልበቱ ስለሚያልቅ ለሁለተኛ ልጅ አይተርፍም። ይህን በቴሌግራም ግሩፑ ቀድመው ያሳውቁ፤ ሱሪ ብሎ ማልዶ የተሰለፈ ወላጅ ባዶ እጁን ሲመለስ ያሳዝናል።

በክፍል ግን አይደርድሩ፤ የአንድ ክፍል ልጆች ቁመታቸው አንድ አይደለም። ስፌት ቤት የተሰፋ ዩኒፎርም ደግሞ ብዙ ጊዜ ቁጥር የለውም። ስለዚህ የሱሪውን ወገብና ቁመት፣ የሹራቡን ደረትና ቁመት ለክተው በሴንቲ ሜትር ልብሱ ላይ በሚያያዝ የዋጋ ካርድ ይጻፉ። ልጁን ይዞ መምጣት ያልቻለ ወላጅ ቤት ለክቶ ይመጣል። ካርዱን በመርፌ ቁልፍ፣ በውስጥ በኩል ስፌቱ ላይ ያያይዙ። ስቴፕለር የሹራብ ክር ይመዛል።

ሒሳብ ያዥ፦
ስለ ገንዘቡ ልጨምር። 70 በመቶ ለባለቤቱ፣ 30 በመቶ ለህብረቱ ቢሆን ሁለቱም ወገን ይስማማል። ዋጋውን ባለቤቱ ይተምን፤ ግን ከአዲሱ ዋጋ ግማሽ አይለፍ፤ ሁሉም በ50 ብር እየጨመረ ይሂድ። ያኔ ለመልስ 40 ባለ 50 እና 30 ባለ 100 ኖት፣ በድምሩ 5,000 ብር፣ ይበቃል።

ለእያንዳንዱ ባለቤት ቁጥር ይስጡ። ካርዱ ላይ 34/5 ከተጻፈ የ34ኛው ባለቤት 5ኛ ዕቃ ነው። ቁጥሩና ዋጋው ካርዱ ላይ ሁለት ጊዜ ይጻፍ፤ ዕቃው ሲሸጥ ግማሹ ተቀዶ ሣጥን ውስጥ ይግባ። ማታ የቁራጮቹ ድምር ከጥሬ ገንዘቡና ከቴሌብሩ ድምር ጋር እኩል መምጣት አለበት፤ የመልሱን 5,000 ቀድመው ይቀንሱ። ሁለት ሰው ቆጥሮ ያንኑ ማታ ይፈርም። ለባለቤቶች ክፍያ በዕለቱ አይጀምሩ፤ ሒሳቡ ሳይታረቅ ገንዘብ ከወጣ ጉድለቱ የት እንደሆነ አይታወቅም።

ቴሌብር ላይ ከፋዩ የሚያሳየውን ስክሪንሾት አይመኑ፤ በቀላሉ ይቀናበራል። ዕቃው የሚወጣው መልእክቱ በተቀባዩ ስልክ ሲገባ ብቻ ይሁን። ኔትወርክ ሊዘገይ ስለሚችል የጥሬ ገንዘቡን ሰልፍ ለብቻው ያድርጉ።

ወላጅ ከጀሞ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ካርድ የሚሰጥበትን ቀን አላሰብኩትም ነበር። መጽሐፉስ? አጋዦቹስ ቀድመው መግዛት ይችላሉ?

መጻሕፍት ክፍል፦
መጽሐፍ ከመቀበልዎ በፊት የመጪውን ዓመት የመጽሐፍ ዝርዝር ከትምህርት ቤቱ ይውሰዱ። በ2015 ዓ.ም. ሥራ ላይ ከዋለው አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በፊት የታተመ የመማሪያ መጽሐፍ ለክፍል አያገለግልም፤ ጠረጴዛ ከማጣበብ በቀር ጥቅም የለውም። መልመጃው በእስክሪብቶ የተሞላውን አይቀበሉ፤ በእርሳስ ከሆነ ባለቤቱ አጥፍቶ ያምጣ። ዋጋውን በውስጥ ገጹ በእርሳስ ይጻፉ፤ ፕላስተር ሲነሳ ሽፋኑን ይልጣል።

አጋዦቹ በሩ ከተከፈተ ከአንድ ሰዓት በኋላ ይግዙ፤ ዕቃ መርጦ ማስቀመጥም አይፈቀድ። ይህ ቀድሞ ካልተነገረ «ጥሩ ጥሩውን ተከፋፈሉት» የሚል ቅሬታ አይቀርም፣ ለከርሞም ዕቃ የሚሰጥ ይጠፋል።

ቀኑ ከነሐሴ 16 በኋላ ባለው ቅዳሜ ይሁን። ጾሙ ያልፋል፤ ጳጉሜ ከገባ ደግሞ ገንዘቡ ለበዓል ይሄዳል። ከጠዋቱ 3 እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ሸጠው፣ ያልተሸጠውን ባለቤቱ እስከ 10 ሰዓት ካልወሰደ ለህብረቱ እንደሚሆን መቀበያ ቅጹ ላይ ያስፈርሙ።