ኪንግስኔክ ለልጅ፦ ወንዱ ይሻላል ወይስ ሴቷ? (ክርክር)

አወያይ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የዛሬውን ጥያቄ ያመጣችው ሜሪላንድ የምትኖር እህታችን ናት። ለልጇ የካሊፎርኒያ ኪንግስኔክ የሚባለውን የእባብ ዓይነት ልትገዛ ነው። ሻጩ ግን «ሴቷ ጨዋ ናት፣ ወንዱ ይናከሳል» ብሎ ሴቷን በውድ ዋጋ ሊሸጥላት ይፈልጋል። በእርግጥ በፆታ የሚለይ ጠባይ አላቸው ወይ?

የልጁ እናት (ሜሪላንድ)፦ ልጄ ስለ እባብ ያላነበበው የለም፤ የሚጨንቀኝ እኔን ነው። እናቴም አብራን ትኖራለች። መርዝ እንደሌለው አውቃለሁ። ግን ልጄን አንዴ ከነከሰው እናቴ ቤቱን ጥላ ትወጣለች።

አርቢ (ቴክሳስ)፦ እህቴ፣ ሻጩ የነገረሽ እውነት አይደለም። በሥነ ሥርዓት ያደጉ ወንድና ሴት ኪንግስኔኮችን እጄ ላይ ብታስቀምጪልኝ በጠባያቸው ብቻ ልለያቸው አልችልም። ኪንግስኔክ አብዛኛውን ጊዜ የሚነክሰው ተቆጥቶ ሳይሆን እጅሽ ምግብ መስሎት ነው። በዱር አይጥ፣ እንሽላሊት፣ የወፍ እንቁላል፣ ሌላ እባብ ሳይቀር ይበላል። የአይጥ ሽታ ያለበት ጣት ሲቀርበው ወንድም ሆነ ሴት አፉን ይከፍታል። ልጁ ከመያዙ በፊት እጁን በሳሙና ይታጠብ፣ ከዚያም የእባቡን ጀርባ በእባብ መያዣ ዘንግ ቀስ አድርጎ ነካ ያድርገው። እባቡ «ይህ የምግብ ሰዓት አይደለም» የሚለውን በዚህ ይለምዳል። ጫጩት ሳለ ጅራቱን ማንቀጥቀጡና የሚገማ ፈሳሽ መልቀቁ ከፍርሃት ነው፤ ሲያድግ አብዛኛውን ጊዜ ይተወዋል።

ባለ ወንድ እባብ (ዴንቨር)፦ ወንድሜ፣ ልዩነት የለም ማለት እኛ በየዓመቱ የምናየውን መካድ ነው። ጸደይ ሲገባ የእኔው ወንድ ምግብ ይተዋል፣ ሌሊቱን ሙሉ የታንኩን (የሚኖርበትን ሳጥን) ክዳን በአፍንጫው ሲገፋ ያድራል። ሴት ፍለጋ ነው። በዱርም ወንዶች በዚህ ወቅት ብዙ ይንከራተታሉ፣ ሁለት ወንዶች ከተገናኙም ተጠማዝዘው ይታገላሉ። ለጀማሪ ልጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አርቢ፦ ያልከው ሁሉ ትክክል ነው፤ እኔም በየጸደዩ አየዋለሁ። ግን ያ ወቅት እንጂ ክፋት አይደለም። መክሳቱን በሚዛን እየተከታተሉ፣ ክዳኑን ቆልፈው ሳምንታቱን ማሳለፍ ነው። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» እንዲሉ፣ ከአንድ ወንድ የተነከሰ ሰው ወንዶችን ሁሉ ነካሽ ያደርጋቸዋል።

የእንስሳት ሐኪም ረዳት (አትላንታ)፦ ስለ ንክሻ ስትከራከሩ ዋናውን ነገር አለፋችሁት። የፆታው ልዩነት የሚከብደው ሴቷ ላይ ነው። ሴት ኪንግስኔክ ወንድ አጠገቧ ሳይደርስ እንኳ መካን እንቁላል ልትይዝ ትችላለች። ያን ጊዜ ምግብ ትተዋለች፣ ትቅበጠበጣለች፣ ጥግ ጥጉን ትቆፍራለች፣ የታችኛው የሰውነቷ ክፍል ያብጣል። እንቁላሏን የምትጥልበት እርጥብ ሳር ያለበት ሳጥን ካላገኘች፣ አንዳንዴም ብታገኝ፣ እንቁላሉ ውስጧ ሊቀር ይችላል። እንዲህ ሲሆን ሐኪም ያስፈልጋታል፤ ቀዶ ጥገና ድረስ ሊሄድ፣ ሊገድላትም ይችላል። ሁሏም ሴት እንዲህ ትሆናለች አልልም። ለሴቷ ተጨማሪ ገንዘብ የጠየቀ ሻጭ ግን ይህን አብሮ መንገር ነበረበት።

አዲስ አባል (ሲያትል)፦ ታዲያ ለምን ወንድና ሴት አብራ አትገዛም? ብቻውን አይሰለቸውም?

አርቢ፦ በፍጹም! ይህን ምክር ማንም እንዳይሰማው። ኪንግስኔክ እባብ በላ ነው፤ የራሱንም ዝርያ ይውጣል። ለማራባት የሚያገናኙ ሰዎች እንኳ ሁለቱንም አጥግበው፣ አጠገባቸው ቆመው ነው። አንድ ታንክ ለአንድ እባብ።

እህት ከጀርመን፦ እዚህ አውሮፓ ነገሩ ከጠባይ አልፎ ሕግ ሆኗል። የካሊፎርኒያው ኪንግስኔክ ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በስፔኗ ግራን ካናሪያ ደሴት ዱር ውስጥ ታይቷል፤ ምንጩ ከሰው ቤት ያመለጡ ወይም የተለቀቁ እባቦች ናቸው። በደረሰበት ቦታ ሁሉ የደሴቲቱን ትልቅ እንሽላሊት ከ90 በመቶ በላይ ቀንሶታል። ይህ እንሽላሊት በተፈጥሮ የደሴቲቱ ብቻ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2022 እ.ኤ.አ. ኪንግስኔክን በወራሪ ዝርያዎች ዝርዝር አስገባው፣ እገዳውም ከነሐሴ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሠራል። ቀድሞ የነበረው ሰው እባቡ እስኪሞት ማቆየት ይችላል፤ ማራባት ግን ክልክል ነው። ስለዚህ እዚህ የሴቷ ጉዳይ ይበልጥ ያሳስባል፤ ሴት እባብ የወንድ ዘር በሰውነቷ ልታቆይ ትችላለችና። የማምለጥ ጉዳይ ሲነሣ ደግሞ የዴንቨሩ ወንድማችን ክዳን የሚገፋው ወንድ ያስፈራኛል።

የእንስሳት ሐኪም ረዳት፦ እዚህ ጆርጂያም ሕግ አለ። የግዛቲቱን ተወላጅ መርዝ አልባ እባቦች ቤት ማቆየት ክልክል ነው፣ የምሥራቁ ኪንግስኔክም ከእነሱ አንዱ ነው። ከግቢ ያገኙትን ይዘው የሚያሳድጉ ወገኖች አሉ፣ እባካችሁ ተዉት። እህታችን፣ አንቺም የሜሪላንድን ሕግ ሳታጣሪ እንዳትከፍዪ።

የልጁ እናት፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሻጩ ሴት ነች ያለኝስ እውነት መሆኑን በምን አውቃለሁ?

አርቢ፦ በዓይን ማመን አስቸጋሪ ነው። ወንዱ ከሆድ ዕቃው መውጫ በታች ጅራቱ ወፍራምና ረጅም ነው፤ ጫጩት ላይ ግን አይታይም። የለመደ ሰው በዚሁ መውጫ ቀጭን ዘንግ አስገብቶ ይለየዋል፤ ወንድ ላይ ጠልቆ ይገባል። ይህን ራስሽ እንዳትሞክሪው፣ ታቆስዪዋለሽ። ሻጩ ፊትሽ ያድርገው። ከሁሉ በላይ ከማቀዝቀዣ ወጥቶ በረዶው የቀለጠ የሞተ አይጥ ሲበላ አሳየኝ በዪው። ካልበላ ወንድም ይሁን ሴት አትግዢው።

ባለ ወንድ እባብ፦ በምግቡ እስማማለሁ። የአትላንታዋን እህት ከሰማሁ በኋላ ደግሞ ምክሬ ወንድ ግዢ ነው፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ግን ክዳኑ ላይ ቁልፍ ይኑር።

እህት ከጀርመን፦ እኔ ግን የመራባቷ ነገር ቢያሳስበኝም ሴቷን እመርጣለሁ። የታመመች እባብ ሐኪም ቤት ትወሰዳለች፤ ያመለጠ ወንድ ግን ተመልሶ አይገኝም።