ለግሩፕ አሳይመንት ለሁሉም እኩል ማርክ ይሰጥ?

መምህርት (ኦንላይን ኮርስ የምታስተምር)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ይህ ነው፦ በኦንላይን ኮርስ ለቡድን ሥራ ለሁሉም አባል እኩል ማርክ መስጠት ተገቢ ነው? እኔ አይደለም እላለሁ። ባለፈው ሴሚስተር ተማሪዎቼ አምስት አምስት እየሆኑ በጉግል ዶክስ አንድ ጽሑፍ በጋራ እንዲጽፉ ሰጥቼ ነበር። ጉግል ዶክስ ማን መቼ ምን እንደጻፈ ይመዘግባል። የአንዱን ቡድን መዝገብ ከፍቼ አየሁ። አንዲት ልጅ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ብቻዋን ጽፋዋለች። አንዱ ሽፋኑ ላይ የአባላቱን ስም አስተካክሏል። የሦስቱ አሻራ ጭራሽ የለም። ጽሑፉ ግን ግሩም ነው። እሱን ብቻ የሚያይ መምህር ለአምስቱም ኤ ይሰጣል።

የአራተኛ ዓመት ተማሪ፦
ቲቸር፣ ያቺን ልጅ በደንብ አውቃታለሁ፤ እኔም እንደ እሷው ነኝ። «ስሜን ጨምሩልኝ» የሚለው ሜሴጅ ቴሌግራም ላይ የሚመጣው ማስረከቢያው ሊደርስ ሲል ነው። እምቢ ካልሽ ክፉ ትባያለሽ። ግቢ ውስጥ ቢሆን ዶርሙ ድረስ ሄደሽ ታፋጥጪዋለሽ። ስልኩን ያጠፋን ሰው ግን ምን ታደርጊዋለሽ? በግል ይሰጠን!

ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህር፦
ልጆቼ፣ ቀስ በሉ። ማርኩን ከለያያችሁት ማን ማንን ያስረዳል? እኔን ለመጠየቅ የሚፈራ ልጅ ጓደኛውን ሲጠይቅ ብዙ አይቻለሁ። እርግጥ «አንድ ለአምስት» ስናደራጅ ብዙ ቦታ ጎበዙ ሠርቶ ሌላው ገልብጧል። የገባውም ግን ጥቂት አልነበረም። ነገ መሥሪያ ቤት ሲገቡም ሪፖርቱ ከተበላሸ ተጠያቂው ቢሮው በሙሉ ነው።

ሪያድ የምትሠራ ተማሪ፦
እኔ አሻራቸው ከማይታየው ነኝ። የሳዑዲና የአዲስ አበባ ሰዓት አንድ ነው፤ ነፃ ሰዓታችን ግን አይገጥምም። ቡድኑ ሲሰበሰብ እኔ የሰው ቤት ሥራ ላይ ነኝ። ማታ አንብቤ ሐሳቤን በቮይስ እልካለሁ፣ ጓደኛዬ ትጽፈዋለች። መዝገቡ ላይ የሚወጣው የእሷ ስም ነው። መምህርት፣ በዚያ ብትዳኚኝ ዜሮ ነኝ።

የባሕር ዳር ተማሪ፦
ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ዋይፋይ ፍለጋ ስንዞር ነበር። የዚያን ጊዜ የጠፋ ሁሉ ሰነፍ አልነበረም።

መምህርት፦
የሪያዷ እህቴ፣ ልክ ነሽ፤ መዝገቡ ብቻውን ዳኛ አይሆንም። ሪንግልማን የተባለ ፈረንሳዊ የግብርና መሐንዲስ በ1913 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጥናት ትዝ አለኝ። ሰዎችን ገመድ አስጎተተ። ስምንት ሆነው ሲጎትቱ እያንዳንዱ ያወጣው ጉልበት ብቻውን ሲጎትት ከሚያወጣው ግማሽ ያህል ብቻ ሆነ። እሱ ዋናው ምክንያት አለመናበብ ነው አለ፤ ሁሉም በአንድ አፍታ አይስብም። ኦንላይን ደግሞ መናበብ የባሰ ከባድ ነው።

ስለዚህ ከተማሪው በፊት የምንሰጠውን ሥራ እንይ። አንዲት ልጅ በአንድ ሌሊት የምትጨርሰውን ሥራ ለአምስት ሰው ከሰጠን አንዷ ትሠራዋለች። በ1971 እ.ኤ.አ. ኤሊዮት አሮንሰን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር በኦስቲን፣ ቴክሳስ የሞከረው ዘዴ ይሻላል፦ እያንዳንዱ ተማሪ ሌላው የሌለውን የትምህርቱን ክፍል ይይዛል፤ እሱ ካላስረዳ ቡድኑ አይጨርስም። የእኔ ሐሳብ ይኸው፦ ለአምስቱ አምስት የተለያየ ጽሑፍ ልስጥ። ከዚያ እያንዳንዱ የራሱን ሳይሆን የጓደኛውን ክፍል በሁለት ደቂቃ ቮይስ ያስረዳኝ። ቮይስ ብዙ ዳታ አይበላም፣ በተመቸው ሰዓት ይልከዋል። 60 ማርክ የጋራ፣ 40 የግል።

ርዕሰ መምህሩ፦
የጓደኛውን ማስረዳቱን ወድጄዋለሁ፤ ጎበዙ ደካማውን ሳያስጠና አያመልጥም። 40ውን ግን ወደ 20 አውርጂው።

የአራተኛ ዓመት ተማሪ፦
ጋሼ፣ በ20 ማርክ «ስሜን ጨምሩልኝ» ባዩ አይደነግጥም። 40 ይሁን።

ሪያድ የምትሠራ ተማሪ፦
40ው ይስማማኛል፣ ቮይሱን የምልክበት ጊዜ ግን ቢያንስ አንድ ዓርብ ይጨምር። እረፍቴ እሱ ብቻ ነው።