ከእምነት መግለጫው አንቀጾች የወንጌላውያን እምነት መሠረት የሆኑት የትኞቹ ናቸው? «በእምነት ብቻ» ሲባልስ ምን ማለት ነው?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። ለጥምቀት የሚያዘጋጀውን ትምህርት መከታተል ከጀመርኩ ሁለት ወር ሆኖኛል። በመጀመሪያው ቀን 14 አንቀጾች ያሉት የእምነት መግለጫ ተሰጠን። ስለ ሥላሴ የሚናገረው አንቀጽም፣ ስለ ክርስቶስ ሞትና ትንሣኤ የሚናገረውም፣ ስለ ክርስቶስ የሺህ ዓመት መንግሥት የሚናገረውም በአንድ ዓይነት ቃና የተጻፉ ናቸው። ሁሉንም በእኩል ክብደት መቀበል ይጠበቅብኝ እንደሆነ ወይም አንዱ ከሌላው የሚበልጥበት ምክንያት እንዳለ ብጠይቅም፣ የትምህርቱ ሰዓት አጭር ስለሆነ እስካሁን የሚያረካ መልስ አላገኘሁም።

ከዚህ ይልቅ የሚያስጨንቀኝ ግን «በእምነት ብቻ» የሚለው ትምህርት ነው። ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 2 ቁጥር 24 ላይ ሰው በእምነት ብቻ እንደማይጸድቅ በግልጽ ጽፏል። ደግሞም፣ ይህን መናገር ቢከብደኝም፣ እጄን አንሥቼ ጌታን ከተቀበልኩበት ቀን ወዲህ ያንኑ የንስሐ ጸሎት ቢያንስ አራት ጊዜ ደግሜዋለሁ። «ያን ጊዜ ያመንኩት በእርግጥ ከልቤ ነበር ወይ?» የሚል ሐሳብ ሌሊት ሌሊት ይመጣብኛል። ደኅንነት በእምነት ብቻ ከሆነ፣ እምነቴ የሚበቃ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

የመጀመሪያ መልስ

እህቴ፣ ለጥምቀት የሚዘጋጁ ሰዎችን ለብዙ ዓመታት ሳስተምር ቆይቻለሁና፣ አንቀጾቹ ሁሉ እኩል መስለው መታየታቸው የእኛ የአስተማሪዎቹ ጉድለት መሆኑን በቅድሚያ ልናገር። ጳውሎስ ራሱ እኩል አላደረጋቸውም። በ1ኛ ቆሮንቶስ 15፥3 ላይ እርሱም የተቀበለውን «ከሁሉ በፊት» እንዳስተላለፈ ጽፎ፣ ያ ነገር ምን እንደሆነ ወዲያው ይዘረዝራል፦ ክርስቶስ ስለ ኃጢአታችን ሞተ፣ ተቀበረ፣ በሦስተኛው ቀን ተነሣ፣ ለብዙዎችም ታየ። በዚያው መልእክት ምዕራፍ 1 ላይ ደግሞ ክርስቶስ የላከው ለማጥመቅ ሳይሆን ወንጌልን ለመስበክ እንደሆነ ይናገራል። ጥምቀትን አቃልሎ አይደለም፤ የሚቀድመውን ማስቀደሙ ነው።

«ወንጌላውያን» የተባልንበት ስምም ከዚሁ የመጣ ነው። ወንጌል የምሥራች ማለት ነው፤ የምሥራች ደግሞ «እንዲህ አድርግ» የሚል ምክር ሳይሆን «እንዲህ ተደረገ» የሚል ዜና ነው። ስለዚህ የትኛውንም አንቀጽ ሲያነቡ «ይህ ቢወድቅ ዜናው ይወድቃል ወይ?» ብለው ይጠይቁ። ስለ ሥላሴና ስለ ክርስቶስ አምላክነት የሚናገሩት አንቀጾች በዚህ ሚዛን ከመሠረቱ ናቸው። የእስክንድርያው ቄስ አርዮስ ወልድን ፍጡር ነው ባለ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ325 በኒቅያ የተሰበሰቡት አባቶች ትምህርቱን ያወገዙት በቃላት ክርክር ስለተጠመዱ አልነበረም፤ በመስቀል ላይ የሞተው ፍጡር ብቻ ከሆነ፣ እግዚአብሔር ራሱ ሊያድነን መጣ ማለት አይቻልምና ነው። ይህን እምነት ወንጌላውያን አልፈጠሩትም፤ ከጥንቷ ቤተ ክርስቲያን የተረከቡት ነው።

መስቀሉም እንደዚያው ነው። ክርስቶስ የሞተው ምሳሌ ሊሆነን ብቻ ሳይሆን በእኛ ምትክ፣ የእኛን ፍርድ ተሸክሞ ነው ብለን የምናምነው፣ ኢሳይያስ 53ንና 2ኛ ቆሮንቶስ 5፥21ን ይዘን ነው። ትንሣኤው ከሌለ ደግሞ፣ ጳውሎስ እንዳለው፣ እስከ አሁን ድረስ በኃጢአታችን ውስጥ ነን። ዳግም ልደትም በዚህ ላይ ይቆማል። ጌታ ኢየሱስ «ዳግመኛ ልትወለዱ ያስፈልጋችኋል» ያለው ለአንድ ወንበዴ ሳይሆን ለኒቆዲሞስ፣ ሕጉን ሲያስተምር ለኖረ የተከበረ ሰው እንደነበር ልብ ይበሉ። መልካም ሰው መሆን የማይሞላው ጉድለት አለ ማለት ነው።

እንግሊዛዊው የታሪክ ምሁር ዴቪድ ቤቢንግተን እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተመው ጥናት ወንጌላውያንን የሚለዩ አራት ባሕርያትን አስቀምጧል፦ መጽሐፍ ቅዱስን የበላይ ማድረግ፣ መስቀሉን መሐል ማድረግ፣ ሰው ተለውጦ ወደ እግዚአብሔር መመለስ አለበት ብሎ ማመን፣ ያንንም በምስክርነትና በአገልግሎት መግለጥ። ገለጻው ጠቃሚ ቢሆንም የታሪክ ምሁር ገለጻ ነው፤ ሰዎቹ ምን እንደሚመስሉ ይነግረናል እንጂ፣ የሚያምኑትን ለምን እንደሚያምኑ አይነግረንም።

ሁለተኛ መልስ

እኔ ስለ ያዕቆብ ብቻ ልጻፍ፤ ይህ ጥያቄ እኔንም ለረጅም ጊዜ አስጨንቆኛልና።

በአንድ ወቅት በጥናት ቡድናችን ሮሜ ምዕራፍ 4ን ስናነብ፣ መሪያችን እርሳስ አስይዞ «ተቆጠረ» የሚለውን ቃል ባገኘንበት ሁሉ እንድናሰምርበት አዘዘን። በግሪኩ ይህ ግሥ በዚያ አንድ ምዕራፍ ውስጥ 11 ጊዜ ይገኛል። ቃሉ በሒሳብ መዝገብም የሚያገለግል ነው፤ አንድን ነገር በአንድ ሰው ስም መመዝገብ ማለት ነው። ገጹ በእርሳስ መስመር ተሞልቶ ሳየው፣ ጳውሎስ የሚናገረው አብርሃም ስላደረገው ነገር ሳይሆን በአብርሃም ስም ስለተመዘገበው ነገር እንደሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ ገባኝ። መቼ እንደተቆጠረለትም ጳውሎስ አጥብቆ ይጠይቃል። «በእግዚአብሔር አመነ፥ ጽድቅም ሆኖ ተቈጠረለት» የሚለው ቃል የሚገኘው በዘፍጥረት 15 ነው። አብርሃም የተገረዘው ግን በምዕራፍ 17፣ በ99 ዓመቱ ነው። በመካከል እስማኤል ተወልዶ 13 ዓመት ሞልቶታል። ስለዚህ አብርሃም ጻድቅ ተብሎ ሲቆጠር፣ በሥጋው ላይ ምልክት ያልነበረው፣ ሕግም ያልተሰጠው ሰው ነበር።

ያዕቆብ ወደዚያው አብርሃም ዞሮ የሚጠቅሰው ግን ዘፍጥረት 22ን፣ ይስሐቅ በመሠዊያው ላይ የተጋደመበትን ቀን ነው። ይህ የሆነው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ያን ጊዜ አብርሃም ጽድቅን ሊገዛ አልወጣም፤ ቀድሞ የተቆጠረለት እምነት ሕያው መሆኑ ታየ እንጂ። ያዕቆብም ራሱ የዘፍጥረት 15ን ቃል ጠቅሶ «ተፈጸመ» ይላል። በተጨማሪም ያዕቆብ የሚከራከረው ከማን ጋር እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል። እግዚአብሔር አንድ መሆኑን በአፉ እየመሰከረ፣ ራቁቱን የሆነውንና የዕለት ምግብ ያጣውን ወንድሙን «በደኅና ሂድ፣ እሳት ሙቅ፣ ጥገብም» ብሎ ባዶ እጁን ከሚሸኝ ሰው ጋር ነው። እንዲህ ያለውን «እምነት» አጋንንትም አላቸው፤ እንዲያውም እነርሱ ይንቀጠቀጣሉ። ጳውሎስ የሚከራከረው ግን ሥራውን ይዞ በእግዚአብሔር ፊት ሊመካ ከሚፈልግ ሰው ጋር ነው። ሁለቱ ሐዋርያት በአንድ ቃል የተለያየ በሽታ ያክማሉ።

ኤፌሶን 2፥8 እና 9 ሲጠቀስ ቁጥር 10 መዘለሉ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። በጸጋ የዳንን እንጂ በሥራ ያልዳንን መሆናችን በተነገረበት ዐረፍተ ነገር ማግስት፣ እግዚአብሔር አስቀድሞ ያዘጋጀውን መልካም ሥራ እንድናደርግ መፈጠራችን ተጽፏል። ሥራው በቦታው አለ፤ ቦታው ግን ከደኅንነት በኋላ ነው።

ጠያቂዋ

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ የዘፍጥረት 15ና 22 ነገር ብዙ ነገር አብርቶልኛል። ሁለት ነገሮች ግን ቀርተውኛል። «መጽሐፍ ቅዱስ ብቻ» የምንል ከሆነ የእምነት መግለጫና የኒቅያ ጉባኤ ለምን አስፈለጉን? ከዚያም ይልቅ፣ የአብርሃም እምነት ተቆጠረለት፤ የእኔ እምነት ግን እንደ አብርሃም አይደለም። እምነት ራሱ እኔ አሟልቼ ማቅረብ ያለብኝ ሥራ ሆኖብኛል።

ሦስተኛ መልስ

የመጀመሪያውን በአጭሩ ልመልስ። «ብቻ» የተባለው ሌላ መጽሐፍ አይነበብም፣ መምህር አይሰማም ለማለት አይደለም። መጨረሻውን ፍርድ የሚሰጠውና በሌላ የማይፈረድበት ሥልጣን ቅዱስ መጽሐፍ ብቻ ነው ማለት ነው። ጀርመናዊው የተሐድሶ መሪ ማርቲን ሉተር እ.ኤ.አ. በ1521 በዎርምስ ጉባኤ ፊት ቆሞ የጻፈውን እንዲክድ ሲጠየቅ፣ ጳጳሳትም ጉባኤዎችም ተሳስተው እንደሚያውቁ፣ ሕሊናው ግን በእግዚአብሔር ቃል የታሰረ እንደሆነ መለሰ። እርሱ ግን የጥንቱን የሃይማኖት ጸሎት ያከብርና ያስተምር ነበር። መግለጫው አገልጋይ ነው፤ መጽሐፉ ጌታ ነው። የቤርያ ሰዎች ጳውሎስን በደስታ ሰምተው ሲያበቁ፣ ነገሩ እንደዚያ እንደሆነ ዕለት ዕለት መጻሕፍትን ይመረምሩ እንደነበር ሐዋርያት ሥራ 17፥11 ይመሰክራል። የተሰጣችሁን መግለጫም እንዲሁ መመርመር ይችላሉ፤ ይገባዎታልም።

በወንጌላውያን መካከል የመጽሐፍ ቅዱስን እውነተኝነት ለመግለጽ የሚመረጡት ቃላት ይለያያሉ። ከብዙ አገሮች የመጡ ወንጌላውያን በስዊዘርላንድ ተሰብስበው እ.ኤ.አ. በ1974 ያወጡት የሎዛን ቃል ኪዳን መጽሐፉ በሚያረጋግጠው ሁሉ ስሕተት የሌለበት መሆኑን ይናገራል፤ የወንጌላውያን ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጡት የቺካጎ መግለጫ ይህንኑ በብዙ አንቀጾች አብራርቶ አጥብቆታል። ሌሎች ደግሞ ስለ እምነትና ስለ ኑሮ የማያሳስት መሆኑን መናገር ይመርጣሉ። ሁሉም ግን ከመጽሐፉ በላይ የሚቀመጥ ዳኛ የለም በሚለው ላይ ይስማማሉ።

አራተኛ መልስ

እህቴ፣ የመጨረሻው ጥያቄዎ ከሁሉ ይበልጥብኛል። ጸሎቱን አራት ጊዜ የደገሙት እርስዎ ብቻ አይደሉም፤ እኔም በወጣትነቴ ጥሪ በተደረገ ቁጥር ወደ ፊት እወጣ ነበር። ያ የሆነው ጸሎቱን እንደ ቀመር ስላስተማሩን ይመስለኛል፦ ቃሉን በትክክል ከልብህ ካልህ ይሠራል፣ ካላልህ አይሠራም እንደማለት። እንዲህ ሲሆን ሰው ዓይኑን ከክርስቶስ አንሥቶ የራሱን ልብ መለካት ይጀምራል።

ጌታ ለኒቆዲሞስ ስለ ዳግም ልደት ከነገረው በኋላ ወዲያው የጠቀሰው በምድረ በዳ የተሰቀለውን የናሱን እባብ ነው። በዘኍልቍ 21 ላይ የተነደፉት ሰዎች እንዲያዩ ብቻ ተነገራቸው። አንዱ ጠንካራ ዓይን ነበረው፣ ሌላው በመርዙ ደንዝዞ ዓይኑን በግድ ይገልጥ ነበር ብለን እናስብ፤ የተነደፈው ሁሉ አይቶ ዳነ እንጂ፣ ዓይኑ ምን ያህል አጥርቶ እንደሚያይ አልተመረመረም። እምነት ሥራ የማይሆነው ለዚህ ነው። የእምነት ዋጋ ያለው በሚያምነው ሰው ጥንካሬ ሳይሆን በሚታመነው በክርስቶስ ነው። «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ብሎ የጮኸው አባት ልጁ ተፈውሶለት ተመልሷል።

የእንግሊዛዊውን ሰባኪና የሜቶዲስት እንቅስቃሴ መሪ የጆን ዌስሊን ታሪክ ደጋግሜ አነባለሁ። እ.ኤ.አ. በ1728 ቅስና ተቀብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1735 በሚስዮናዊነት ባሕር ተሻግሮ፣ ጾምና ጸሎትን በሥርዓት ይዞ የኖረ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. ግንቦት 24 ቀን 1738 ምሽት ለንደን ውስጥ በአንድ ስብሰባ ላይ ሉተር ለሮሜ መልእክት የጻፈው መቅድም ሲነበብ፣ ለደኅንነቱ በክርስቶስ፣ በክርስቶስ ብቻ እንደታመነ እንደተሰማው በማስታወሻው ጽፏል። ብዙ ሰው የሚጠቅሰው እዚህ ድረስ ነው። በዚያው ማስታወሻ ትንሽ ወረድ ብሎ ግን፣ ብዙም ሳይቆይ ጠላት «ይህ እምነት ሊሆን አይችልም፤ ደስታህ የት አለ?» እንዳለው ይጽፋል። በዚያችው ሌሊት! እርሱ ግን ለመዳን ሌላ ጸሎት አልፈለገም፤ ደስታን እግዚአብሔር እንደ ፈቃዱ አንዳንዴ የሚሰጥ፣ አንዳንዴም የሚከለክል መሆኑን ተረዳ። ስለዚህ ጥርጣሬው በአምስተኛው ሌሊት ሲመጣ፣ ያን ቀን እጅዎን እንዴት እንዳነሡ ለማስታወስ አይድከሙ። ሮሜ 8ን ገልጠው ከቁጥር 31 እስከ 34 ድምፅ አውጥተው ያንብቡ፤ እዚያ ስለ ክርስቶስ ሞት፣ ትንሣኤና ምልጃ ተጽፏል፤ ስለ እርስዎ ስሜት የተጻፈ የለም።

ስለ ሺህ ዓመቱ አንቀጽ ደግሞ፣ ጉዳዩ በራእይ 20 አተረጓጎም ላይ የተመሠረተ ነው፤ በወንጌላውያን መካከልም ከአንድ በላይ አተረጓጎም አለ። የሎዛን ቃል ኪዳን በ15ኛው አንቀጹ ክርስቶስ ራሱ፣ በሚታይ ሁኔታ፣ በኃይልና በክብር እንደሚመለስ ይመሰክራል፤ የሺህ ዓመቱን ክርክር ግን አይቆርጥም። ዌስሊና የአገልግሎት ባልደረባው የነበረው ሰባኪ ጆርጅ ዋይትፊልድ እግዚአብሔር የሚድኑትን አስቀድሞ ስለ መምረጡ በሚናገረው ትምህርት እጅግ ተለያይተው በአደባባይ ተከራክረዋል፤ ዋይትፊልድ እ.ኤ.አ. በ1770 ሲሞት ግን በለንደን የመታሰቢያውን ስብከት የሰበከው ዌስሊ ነበር። ስለዚህ በዚያ አንቀጽ ላይ ገና ያልተረዳዎት ነገር ካለ፣ ለአስተማሪዎ በግልጽ ይንገሩ፤ «ጌታ እንደሚመለስ አምናለሁ፤ ስለ ሺህ ዓመቱ ግን ገና እያጠናሁ ነው» ማለት ለጥምቀት ለሚዘጋጅ ሰው ታማኝ መልስ ነው።