የሰሚያሱን (ኃይል ከካምቢዮ ወደ ጎማ የሚያደርሰውን ዘንግ) ሽፋን ብቻ ልቀይር ወይስ ሙሉውን?
በፊት እግሯ የምትነዳው መኪናዬ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ አዙሬ ስነሳ ከቀኝ የፊት ጎማ በኩል «ቀጭ፣ ቀጭ» የሚል ድምፅ ታሰማለች፤ ቀጥ ብላ ስትሄድ ግን ድምፁ ይጠፋል። በክሪክ አንስቼ፣ ከሥሯም ማቆሚያ አስገብቼ ስመለከት፣ የውጭኛው ሲቪ ጆይንት (ሰሚያሱ ከጎማው በኩል የሚታጠፍበት መገጣጠሚያ) የላስቲክ ሽፋን በአንዱ እጥፋት ላይ ተሰንጥቆ ግራሶው የቸርኬውን ውስጠኛ ክፍል አልብሶታል፤ የቀረውን በጣቶቼ መካከል ሳሸው እንደ ደቃቅ አሸዋ ይሻክራል። ጎማውን ከላይና ከታች ይዤ ስነቀንቀው ምንም ልቅነት ስለሌለው ኩሽኔታውን አልጠረጠርኩም። አንድ መካኒክ ሽፋኑን ቀይሮ አዲስ ግራሶ መሙላት ይበቃል ቢለኝም፣ ድምፅ ከጀመረ በኋላ ይህ መፍትሔ መሆኑን እጠራጠራለሁ። የውስጥ ኳሶቹና መሄጃቸው መበላታቸውን ሰሚያሱን ሳላወጣ የማረጋግጥበት መንገድ ካለ፣ ልምድ ያላችሁ እንድታስረዱኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።