የመክተፊያ እንጨቴ በበጋ ተሰነጠቀ፤ ምን ዓይነት ልግዛ?

የጎፋዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው አዲስ አበባ፣ ጎፋ ኮንዶሚኒየም ነው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ደህና ውፍረት ያለው የእንጨት መክተፊያ ገዛሁ። ሻጩ ምን እንጨት እንደሆነ አልነገረኝም። ላዩ ግን በቨርኒሽ ያብለጨልጭ ነበር። ኅዳር ሲገባ ከጫፉ መሰንጠቅ ጀመረ። አሁን ስንጥቁ የቢላ ስለት ያስገባል። ጎብጧልም፤ ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጠው ይወዛወዛል። ሽንኩርት በከተፍኩ ቁጥር ደግሞ ቨርኒሹ እየተላጠ ይነሳል። ያ ሁሉ ወጥ ውስጥ እንደሚገባ ሳስብ ይጨንቀኛል።

አሁን ሁለት መክተፊያ ልገዛ ነው፤ አንዱ ለጾም፣ አንዱ ለፍስክ። እናቴ አብራኝ ስለምትኖር በአንድ መክተፊያ መጠቀም አይታሰብም። ምን ዓይነት እንጨት ይሻላል? ምንስ ይቀባል? ጎረቤቴ ደግሞ «ሥጋ በእንጨት ላይ አይከተፍም፣ ንጹሑ ፕላስቲክ ነው» ትለኛለች። እኛ ቤት ክትፎ የሚበላው ጥሬውን ነው። እውነቷን ነው? የምታውቁ ንገሩኝ፤ በተለይ እንጨት ሥራ ላይ ያላችሁ።

አናጺው ከኮልፌ፦

እህቴ፣ ይህን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ሥራዬ እንጨት ነው። በርና ቁም ሳጥን እሠራለሁ፤ ከሚተርፈው ቁራጭ ደግሞ መክተፊያ አወጣለሁ።

መጀመሪያ ለምን እንደተሰነጠቀ ልንገርሽ። እሱን ካወቅሽ ምርጫውም አያያዙም ይቀልሻል። እንጨት ከተቆረጠ በኋላም እርጥበት ይስባል፣ ይለቃል። ሲስብ ይሰፋል፣ ሲለቅ ይጠባል። ይህ የሚሆነው በወርዱ ነው፤ በርዝመቱ በኩል ለውጡ በጣም ትንሽ ነው። በክረምት የአዲስ አበባ አየር እርጥብ ነው። ጥቅምት ካለፈ በኋላ አየሩ ይደርቃል። በደንብ ሳይደርቅ የተሠራ ጣውላ ጉዱ የሚወጣው ያኔ ነው። ጫፉ ከመሃሉ ቀድሞ ይደርቃል፤ እንጨቱ ውሃ የሚያመላልስባቸው ቀጫጭን ቱቦዎች የሚከፈቱት በጫፉ በኩል ነውና። ጫፉ ሊጠብ ሲል መሃሉ ገና እርጥብ ነው፤ አይከተለውም። ስለዚህ ይቀደዳል። መጎበጡ ደግሞ ከአስተጣጠብና ከአስተኛኘት ይመጣል። ታጥቦ ጠረጴዛ ላይ ከተጋደመ ላዩ ሲደርቅ ታቹ እርጥብ ሆኖ ይቆያል። አንዱ ፊት ጠቦ ሌላው ሰፍቶ እንጨት ቀጥ ብሎ ሊቆም አይችልም።

ቨርኒሹን በተመለከተ ሥጋትሽ ትክክል ነው። ቨርኒሽ ለበርና ለወንበር ነው። ቢላ ይቀደዋል፣ ውሃ በቀዳዳው ይገባል፣ ከገባ በኋላ መውጫ ያጣል። የሚያብለጨልጭ መክተፊያ ካየሽ እለፊው። ይህን ለሚሠሩት የሙያ ባልደረቦቼም እላለሁ፦ ሰው የሚበላበት ዕቃ ላይ ይህ መደረግ የለበትም።

ከአገራችን እንጨት ለመክተፊያ ለእኔ ዋንዛን የሚያህል የለም። አባቶቻችን ገበቴውንም ከበሮውንም ከሱ የሠሩት አውቀው ነው። ሲደርቅ ብዙ አይጣመምም፣ ለመላጊያ ይመቻል፣ ምግብ ላይ ሽታ አይተውም። ለስለስ ስለሚል የቢላ ምልክት ይይዛል። ግን ቢላሽ ቶሎ አይዶለዱምም። ወይራ ውብ ነው፤ ሆኖም ከባድና ጠንካራ ስለሆነ ቢላ ይጎዳል። ጥድ መዓዛው ኃይለኛ ነው፤ ሰላጣ ከከተፍሽበት ሽታው ይከተልሻል። ባህር ዛፍ ሲደርቅ ይጠመዘዛል፣ ይሰነጠቃል፤ ለዚህ ሥራ አልመክረውም። በሙጫ ተጣብቀው የሚሠሩት ኮምፔንሳቶና ኤምዲኤፍ ደግሞ ውሃ ሲነካቸው ያብጣሉ፤ በውስጣቸው ያለው ሙጫም ለምግብ የታሰበ አይደለም።

አንድ ነገር አደራ። ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ጥድና ኮሶ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ በ1994 እ.ኤ.አ. የወጣው የደን አዋጅ ከልክሎ ነበር። መክተፊያ ትንሽ ነገር ስለሆነ አዲስ ግንድ አያስፈልገውም። ሰፈርሽ ያለ አናጺ ቤት ገብተሽ የዋንዛ ቁራጭ አለህ ወይ ብለሽ ጠይቂ። ከፈረሰ ቤት የወጣ አሮጌ ጣውላ ካገኘሽ ደግሞ ዕድለኛ ነሽ፤ ዓመታት ደርቋል። ቀለም የነካው ከሆነ ግን ይቅርብሽ፤ በድሮ የዘይት ቀለም ውስጥ እርሳስ ሊኖር ይችላል።

ስትገዢ ውፍረቱ ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ጫፉን አዙረሽ እዪ። ቀለበቶቹ የሚጀምሩበት የግንዱ እምብርት ጣውላው ውስጥ ካለ አትግዢው፤ ከዚያ ላይ መሰንጠቁ አይቀርም። ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስቀምጠሽ አራቱንም ማዕዘን በጣትሽ ተጫኚ፤ መነቅነቅ የለበትም። ከጠባብ ቁራጮች የተጣበቀ ከሆነ ችግር የለውም፤ እንዲያውም ከአንድ ሰፊ ጣውላ ያነሰ ይጎብጣል። ኮላው ግን ውሃ የሚቋቋም መሆኑን ጠይቂ።

የሚቀባውን በተመለከተ፣ የምግብ ዘይት አይሁን። የኑግም የሱፍም ዘይት ቆይቶ ይጣበቃል፣ ይሸታል። ፋርማሲ ሂጂና ሊኩዊድ ፓራፊን በይ። ለሆድ ድርቀት የሚሸጠው፣ ቀለምም ሽታም የሌለው ነው። እሱ አይበላሽም። መክተፊያው ድርቅ ሲል በንጹሕ ጨርቅ በሁለቱም ፊት ቀቢው። ጎኖቹን አትርሺ፤ ሁለቱን ጫፎች ደግሞ እስኪጠግቡ አጠጪያቸው። አሳድሪውና የተረፈውን ጥረጊ። አዲስ ሲሆን መጠጣት እስኪያቆም ደጋግመሽ ታደርጊያለሽ። ከዚያ በኋላ እንጨቱ ገርጥቶ ስታዪው ብቻ። በተለይ ጥቅምት ላይ፣ በጋው ሳይገባ፣ አንዴ ቀቢው።

ስታጥቢ ውሃ ውስጥ አትዘፍዝፊው። በሙቅ ውሃና በሳሙና ቶሎ አሽተሽ፣ ሁለቱንም ፊት አለቅልቀሽ፣ በጨርቅ አድርቀሽ በጎኑ አቁሚው። ፀሐይ ላይ አይሁን፤ አየር በሁለቱም በኩል የሚያገኘው ጥላ ይበቃዋል።

ሆቴል ወጥ ቤት የምሠራ፦

ጋሼ የእንጨቱን ነገር ጨርሰውታል። እኔ ስለ ሥጋው ልመልስ።

ጎረቤትሽ ያለችው ብዙ ሰው የሚያምነው ነገር ነው። አሜሪካ ውስጥ ዲን ክሊቨር የሚባሉ የምግብ ደህንነት ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር ይህንኑ ፈትሸው ውጤቱን በ1994 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። እንጨት ላይ ያደረጉት ባክቴሪያ ወደ ውስጥ ይሰርግና ላዩ ላይ መልሶ ማግኘት ያስቸግር ነበር፤ ውስጥ የገባውም አይራባም፣ እየቆየ ይሞታል። አዲስ ፕላስቲክ በቀላሉ ይጸዳል። በቢላ የተቧጨረ ፕላስቲክ ግን በእጅ ሲታጠብ ባክቴሪያው ጭረቱ ውስጥ ይቀራል፣ በተለይ ቅባት ካለ። ስለዚህ ያረጀ ፕላስቲክ ከእንጨት ይበልጣል የሚባል ነገር የለም።

ይህ ማለት ግን አትጠንቀቂ ማለት አይደለም። የጾምና የፍስክ መለየታችሁ ጥሩ ነው፤ እኔ ግን ሦስተኛ ጨምሪ እላለሁ። ጥሬ ዶሮ የተበለተበት ላይ ክትፎ አይከተፍ። ዶሮው ይበስላል፣ ክትፎው አይበስልም። የዶሮው መክተፊያ ርካሽ ፕላስቲክ ሊሆን ይችላል፤ ሲቧጨር ትጥይዋለሽ። ከጥሬ ሥጋ በኋላ የእንጨቱን በሳሙና እጠቢና አንድ የሾርባ ማንኪያ መዓዛ የሌለው በረኪና በ4 ሊትር ያህል ውሃ በጥብጠሽ አስነኪው። ጥቂት ደቂቃ ቆይተሽ አለቅልቂው፣ አድርቂው። የኮሶ ትል ግን ከመክተፊያ አይመጣም፤ ሥጋው ውስጥ ያለ ነገር ነው። እሱን የሚከላከልልሽ የተመረመረ ሥጋ መግዛት ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ (አሜሪካ)፦

እዚህ የሚበዛው ከሜፕል የተሠራ ነው። ጠንካራና ጥቅጥቅ ያለ እንጨት ነው። በብርዱ ወራት ማሞቂያው ቤቱን ስለሚያደርቀው እኛም ጋ መሰንጠቅ አለ። የአናጺው ምክር ለዚህም አገር ይሠራል። ዲያስፖራ ያላችሁ ዕቃ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ በፍጹም እንዳታስገቡት። የሽንኩርትና የነጭ ሽንኩርት ሽታ ለሚያስቸግራችሁ፣ ደቃቅ ጨው በትኑበትና በተቆረጠ ሎሚ እሹት፣ ከዚያ አለቅልቁ። የበርበሬ ቅላትንም ያደበዝዘዋል።

የጎፋዋ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ጋሼ፣ ሁለት ነገር ልጨምር። የተሰነጠቀውን ማዳን ይቻላል ወይስ ልጣለው? ሰም መቀባት ጥሩ ነው የሚሉም ሰምቻለሁ።

አናጺው ከኮልፌ፦

አትጣይው። ስንጥቁን ግን በኮላ ሞልተሽ አትዝጊው። በሚቀጥለው ክረምት እንጨቱ ሲሰፋ ኮላው ቦታ ይይዝበታል፣ ወይ ይፈነቀላል ወይ ሌላ ቦታ ይሰነጥቀዋል። አናጺ ጋ ወስደሽ ስንጥቁን ተከትሎ በመጋዝ ለሁለት ይክፈለው። ሁለቱን ጎን ቀጥ አድርጎ ልጎ መልሶ ያጣብቀው። ይህ የሚደረገው አሁን በበጋው፣ እንጨቱ ደርቆ ሳለ ነው። ለማጣበቅ የማይመች ከሆነ ሁለቱን ለየብቻ ተጠቀሚባቸው፤ ትንሹ ለነጭ ሽንኩርትና ለዝንጅብል ይሆንሻል።

ሰም በጣም ጥሩ ነው፤ ንጹሕ የንብ ሰም ከሆነ። ብቻውን ደርቆ ስለሚቆይ ከፓራፊኑ ጋር ይቀላቀላል። አንድ እጅ ሰም ለአራት እጅ ፓራፊን አድርጊ። በቀጥታ እሳት ላይ እንዳትጥጂው፣ ሊቀጣጠል ይችላል። የፈላ ውሃ ባለበት ድስት ውስጥ ጣሳ አስቀምጠሽ አቅልጪው፤ ሰም ከ65 ዲግሪ በታች ስለሚቀልጥ ያ ይበቃዋል። ሲቀዘቅዝ ለጋ ቅቤ ይመስላል። እንጨቱ ፓራፊኑን ከጠጣ በኋላ በስሱ ቀብተሽ በጨርቅ ወልውዪው።

አናጺው ቨርኒሹን ሲያነሳ በመላጊያ ይጀምር በይው። ብርጭቆ ወረቀት በቨርኒሽ ቶሎ ይደፈናል። ጀርባውንም በዚያው ልክ ይላገው፤ አንዱ ፊት ቨርኒሽ ይዞ ከቀረ እንደገና ይጎብጣል።