የባንኮክ «ደንበኞች አገልግሎት» ሥራ፦ ብር አልጠየቁም፣ ታዲያ እንመናቸው?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ ወንድሜ በቴሌግራም የባንኮክ ሥራ ተገኝቶልሃል ተብሏል። ደመወዝ በወር 1,200 ዶላር፣ ምግብና መኝታ በነጻ፣ ትኬቱንም እነሱ ይቆርጣሉ። የጠየቁት የፓስፖርቱን ፎቶና የእንግሊዝኛ ታይፒንግ ፈተና ብቻ ነው። «ሌባ ቢሆኑ ብር ይጠይቁኝ ነበር» ይለኛል። እንዴት ላጣራ?

መልስ 1
እህቴ፣ ብር አለመጠየቃቸው እንዳያዘናጋችሁ። ብር በልቶ የሚጠፋ ደላላ ሌላ ነው፤ እነዚህ የሚፈልጉት ልጁን ነው። ትኬቱም በኋላ «ዕዳ» ተብሎ ይጻፍበታል።

መንገዱ የታወቀ ነው። አውሮፕላን ማረፊያ መኪና ይጠብቀዋል፤ «ቢሮው ራቅ ይላል» ይሉትና ወደ 500 ኪሎ ሜትር ነድተው ሜ ሶት የምትባል የድንበር ከተማ ያደርሱታል። ከዚያ ሞኢ ወንዝን ያሻግሩታል። ማዶ የምያንማሯ ማያዋዲ ናት። እዚያ በታጠሩ ግቢዎች ፓስፖርቱን ተቀምቶ በሐሰተኛ የፍቅርና የክሪፕቶ (ዲጂታል ገንዘብ) ወሬ ሰው እንዲያጭበረብር ይገደዳል። የታይፒንግ ፈተናውም ለዚሁ ነው። በየካቲት 2017 ዓ.ም. ከነዚህ ግቢዎች ወጥተው ለታይላንድ በአንድ ጊዜ ከተላለፉት 260 ሰዎች ከግማሽ በላይ የኛ ልጆች ነበሩ።

መልስ 2
መጀመሪያ «በምን ቪዛ ነው የምገባው?» ብሎ ይጠይቃቸው። «በቱሪስት ግባ፣ እዚህ እንቀይረዋለን» ካሉ ነገሩ እዚያው ይብቃ። ታይላንድ ለሥራ የሚገባው በኖን-ኢሚግራንት ቢ ቪዛ ነው፤ ሠራተኛው ቪዛውን ከማመልከቱ በፊት ቀጣሪው ከታይላንድ ሥራ ሚኒስቴር የሥራ ፈቃድ ቅድመ ይሁንታ ያወጣለታል። ያ ወረቀት ይላክለት።

የድርጅቱን ባለ 13 አኃዝ የምዝገባ ቁጥርም ይጠይቅ። የታይላንድ ንግድ ልማት መምሪያ ድረ ገጽ ላይ ሲገባ አድራሻው፣ የሥራ ዘርፉና ካፒታሉ ይወጣል። በአብዛኛው አንድ የውጭ ዜጋ ለመቅጠር 2 ሚሊዮን ባት ካፒታልና 4 ታይላንዳዊ ሠራተኞች ያስፈልጋሉ፤ ስለዚህ 1 ሚሊዮን ባት ያስመዘገበ ድርጅት «30 ሰው እንወስዳለን» ካለ ሒሳቡ አይገጥምም። የእውነተኛ ኩባንያ ስምና ማኅተም ሰርቀው የሚልኩም ስላሉ፣ ደብዳቤው ላይ ባለው ስልክ አትደውሉ። ቁጥሩን ራሳችሁ ከኩባንያው ገጽ አውጡ።

ጠያቂዋ
አሁን ጠየቃቸው። «ቱሪስት ይበቃል፣ የሆቴል ቡኪንግ እንልክልሃለን፣ ኢሚግሬሽን ላይ ለጉብኝት ነው በል» አሉት። የፓስፖርቱን ፎቶ ግን ቀድሞ ልኮላቸዋል።

መልስ 1
እንግዲህ ከዚህ በላይ ምን ማረጋገጫ አለ? ኢሚግሬሽን ላይ ዋሽቶ የገባ ሰው ኋላ ፖሊስ ዘንድ ለመሄድ ይፈራል፤ እነሱም የሚፈልጉት ይህንኑ ነው። አይሂድ።

ለፎቶው አትደንግጡ፣ በፎቶ ብቻ ማንም አውሮፕላን ላይ አያሳፍረውም። ከዚህ በኋላ ግን የፋይዳ ቁጥሩን፣ የባንክ መረጃውንም ሆነ በስልኩ የሚመጣ የማረጋገጫ ኮድ አይስጥ። ብሎክ ከማድረጉ በፊት ቻቱን፣ የተጠቃሚ ስሙንና ስልክ ቁጥሩን ስክሪንሹት ያንሳ፤ ቴሌግራም ላይ ያኛው ወገን ቻቱን ከሁለቱም ስልክ ማጥፋት ይችላል። ይህንን ይዛችሁ ፌዴራል ፖሊስ ሂዱ። በአዋጅ 1178/2012 ሰው መነገድ ወንጀል ነው፤ ልጁ ስላልሄደ ብላችሁ አትተዉት፣ ያ ሰው አሁንም ሌላ እየመለመለ ነው።

መልስ 3
በኤጀንሲ በኩል ነው ለሚባል ደግሞ፦ በሕጉ የውጭ አገር ሥራ ስምሪት የሚካሄደው የሁለትዮሽ ስምምነት ካለበት አገር ጋር ነው፤ ስምምነቶቹም በዋናነት ከመካከለኛው ምሥራቅ አገሮች ጋር ናቸው። የኤጀንሲውን ፈቃድ ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር አጣሩ። ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ኮፒ አትመኑ።

ቀድሞ ባንኮክ የገባ ሰው የምታውቁ ካላችሁ ዛሬውኑ ይህን ላኩለት፦ ፓስፖርቱን ለሾፌር አይስጥ፣ ካርታ ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ አድርጎ ያውርድ። መኪናው ከባንኮክ ወጥቶ ሜ ሶት ወዳለችበት ታክ ግዛት ካመራ፣ ነዳጅ ማደያ ወይም ኬላ ላይ ሲቆም ወርዶ ለፖሊስ ይናገር። የቱሪስት ፖሊስ 1155፣ የሰው ንግድ ተጎጂዎች መስመር 1300 ነው። ይህ ሁሉ የሚሠራው ወንዙን ሳይሻገር ነው፤ ከተሻገረ የታይላንድ ፖሊስ እዚያ ሥልጣን የለውም።