ሁለቱን የ«ዱን» ፊልሞች አይቻለሁ፤ መጽሐፉን ከየት ልጀምር?

ምሽት አንባቢ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የ2021ዱንም የ2024ቱንም የ«ዱን» ፊልም አይቻለሁ። ሁለተኛውንማ ደግሜ ነው ያየሁት። አሁን መጽሐፉን ማንበብ አማረኝ፤ ግን ገና ሳልጀምረው ግራ ገባኝ። አንዱ «ስድስት ነው» ይላል። ሌላው «ኧረ ከሃያ በላይ ነው» ይላል። አንድ ጓደኛዬ ደግሞ «ፊልሙን ካየሽ የመጀመሪያውን ዝለዪው» አለኝ።

ከመጀመሪያው ገጽ ልነሳ ወይስ ሁለተኛው ፊልም ካቆመበት ልቀጥል? እንግሊዝኛ አነባለሁ፤ የልቦለድ እንግሊዝኛ ግን ቶሎ ያደክመኛል። ያለችኝ ጊዜ ማታ ማታ አንድ ሰዓት ናት። ሐሳቤ ሦስተኛው ፊልም ሳይወጣ መድረስ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ሲከነክነኝ ቆይቷል። በዚያ ሁሉ የጠፈር መርከብ መሃል አንድ ኮምፒውተር እንኳ ለምንድነው የሌለው? አምልጦኝ ነው ወይስ ፊልሙ ሳይነግረን ቀርቶ ነው?

ኮከብ ቆጣሪው

ከመጀመሪያው መጽሐፍ፣ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሪ። ጓደኛሽን አትስሚ።

ፊልሙ ያሳየሽ ሰዎቹ ያደረጉትን ነው። መጽሐፉ የሚውለው ግን ጭንቅላታቸው ውስጥ ነው። ደራሲው ፍራንክ ኸርበርት አንድ ክፍል ውስጥ ከተቀመጡት ሰዎች የአንዱን ሐሳብ እየነገረሽ ሳለ በመሃል ወደ ሌላው ይሻገራል። ሁለት ሰዎች በትህትና ሰላምታ ሲለዋወጡ ማን ማንን እየመዘነ እንደሆነ፣ ማን እንደፈራ፣ ማን እንደዋሸ እያወቅሽ ታነቢያለሽ። የራት ግብዣውን ምዕራፍ ስትደርሺበት ይገባሻል። ዳይሬክተሩ ቪልነቭ ፊልሙ ውስጥ ጭራሽ አላስገባውም። ማንም ጩቤ አይመዝም፤ ሰዎች ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፣ ያወራሉ። እኔ ግን ከጦርነቶቹ ሁሉ እሱን ነው የምመርጠው።

«ታሪኩን አውቄው ምን ያጓጓኛል?» ካልሽ፣ መጽሐፉ ራሱ ሚስጥር መደበቅ አይወድም። ሐኪሙ ዩዌ ከዳተኛ መሆኑን ፊልሙ እስከ ጥቃቱ ሌሊት ይደብቅሻል። መጽሐፉ ገና በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ፍርጥ አድርጎ ይነግርሻል። ከዚያ በኋላ ሐኪሙ ብቅ ባለ ቁጥር ልብሽ ይንጠለጠላል። በየምዕራፉ አናት ላይም ልዕልት ኢሩላን ኋላ ላይ ከጻፈቻቸው መጻሕፍት የተቆረጡ አንቀጾች አሉ። እነሱም ወደፊት የሚመጣውን አስቀድመው ያወራሉ። ስለዚህ ፊልሙን ማየትሽ የሚያበላሽብሽ ነገር የለም።

የኮምፒውተሩን ነገር በትክክል ነው የታዘብሽው። ከታሪኩ ብዙ ሺህ ዓመታት ቀደም ብሎ ሰዎች በሚያስቡ ማሽኖች ላይ አምጸው አጥፍተዋቸዋል። በትለሪያን ጂሃድ ይባላል። ከዚያ ወዲህ የሰውን አእምሮ የሚመስል ማሽን መሥራት በሃይማኖት ሕግ የተከለከለ ነው። የማሽኑን ሥራ የተረከበው እንግዲህ ሰው ነው። በመጀመሪያው ፊልም ላይ ዓይኑን ገልብጦ የጉዞ ወጪ ያሰላው ሽማግሌ ትዝ ይልሻል? ቱፊር ሃዋት ይባላል፤ መንታት ነው፤ ማለትም ለስሌትና ለግምት የሠለጠነ ሰው። መርከቦቹን የሚመሩት ደግሞ ጊልድ የሚባለው የጠፈር ጉዞ ማኅበር መርከበኞች ናቸው። ከበረሃማዋ ፕላኔት የሚወጣውን ቅመም ይወስዳሉ፣ በሱ ኃይል መንገዱን ቀድመው ያያሉ። ቅመሙ ከጠፋ ጉዞ የለም፤ ጉዞ ከሌለ ንግድም ጦርም የለም። ያ ሁሉ ደም ለምን እንደፈሰሰ የሚገባሽ እዚህ ጋ ነው።

ሰባተኛ ጥበብ

እኔ በከፊል አልስማማም። ጠያቂዋ ያለቻት የምሽት አንድ ሰዓት ናት። ግቧም ሦስተኛው ፊልም ነው። ሦስተኛው ፊልም የተመሠረተው በሁለተኛው መጽሐፍ፣ በ«ዱን ሜሳያ» ላይ ነው። በ1969 የወጣ ነው፤ ርዝመቱ የመጀመሪያውን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ጊዜ ካጠረ እሱን ብቻ ማንበብ ይቻላል።

ግን ፊልሙና መጽሐፉ የሚለያዩባቸውን ቦታዎች ማወቅ አለብሽ፤ አለዚያ ትደናገሪያለሽ። (ስፖይለር የምትፈሩ ይህን አንቀጽ ዝለሉት።) በፊልሙ የዋናው ገጸ ባሕርይ የፖል ፍቅረኛ ቻኒ ጥላው ትሄዳለች፤ በመጽሐፉ ግን አብራው ናት፣ እምነቷም አልተናወጠም። በፊልሙ የፖል እህት አሊያ ገና አልተወለደችም። በመጽሐፉ ግን ተወልዳ እንደ ትልቅ ሰው የምታወራ ሕፃን ሆና ታሪኩ ውስጥ ትንቀሳቀሳለች። ፊልሙ ሁሉን ነገር በጥቂት ወራት ጠቅልሎታል፤ መጽሐፉ በመሃል ሁለት ዓመት ይዘላል። ሁለተኛው መጽሐፍ ደግሞ ከዚያ 12 ዓመት በኋላ ነው የሚጀምረው። የሥነ ምኅዳር ተመራማሪዋ ካይንስም በመጽሐፉ ወንድ ነው፤ ያውም የቻኒ አባት።

ገጽ አጣፊ

ሰባተኛ፣ ፊልም ላይ ያለህን እውቀት አከብራለሁ፤ ይሄ ምክርህ ግን ልጅቷን ገጽ 20 ላይ መጽሐፉን ያስወረውራታል። «ሜሳያ» የሚጀምረው በሴራ ስብሰባ ነው። ቤኔ ጄሰሪት የሚባለው የሴቶች ማኅበር እናት አለች፣ ኢሩላን አለች፣ መልኩን የሚቀያይር ሰው አለ፣ የጊልዱ መርከበኛ ደግሞ በጋዝ በተሞላ ታንክ ውስጥ ሆኖ ይሰበሰባል። አዲሶቹ ፊልሞች ስለ ጊልዱ የነገሩን ነገር እጅግ ትንሽ ነው። የመጀመሪያውን ያላነበበ ሰው እዚያ ስብሰባ ላይ ማን ለምን እንደተቆጣ እንኳ አይለይም።

አሁን ወደ እንግሊዝኛው። እህቴ፣ ዓረፍተ ነገሮቹ ያን ያህል አይከብዱም። የሚከብደው ሰውየው የፈጠራቸውን ቃላት ሳያስተዋውቅ መወርወሩ ነው። የመጀመሪያዎቹ 50 ገጾች ላይ አዲስ መሥሪያ ቤት የገባሽ ያህል ነው የሚሰማሽ፤ ሁሉም የሚተዋወቅ፣ አንቺ ብቻ እንግዳ። ለዚህ መፍትሔ አለ። መጽሐፉ ከኋላው የራሱ የቃላት መፍቻ አለው። አንድ ምልክት እዚያ፣ አንድ ምልክት የምታነቢበት ገጽ ላይ አድርጊ። ግን ያላወቅሽውን ቃል ሁሉ አትፈልጊ፤ ንባቡን ይገድለዋል። አንድ ቃል ሦስቴ ከመጣብሽ ያን ጊዜ ሂጂና እዪው።

ከመፍቻው በፊት ያሉትን አራት አባሪዎች ደግሞ ለመጨረሻ አቆዪያቸው። ስለ ፕላኔቷ ሥነ ምኅዳር የሚያወራው ራሱን የቻለ አጭር ልቦለድ ነው ማለት ይቻላል። ስለ ሃይማኖቱ ያለውን ከሰለቸሽ ዝለዪው፤ ማንም አይፈርድብሽም።

ለምሽት ንባብ የሚመች ነገርም አለው። ምዕራፎቹ ቁጥር የላቸውም፤ ከአንዱ የኢሩላን ጽሑፍ እስከ ቀጣዩ ድረስ አንድ ምዕራፍ ነው። በጠቅላላው ወደ 50 ይጠጋሉ። በምሽት አንድ ብታነቢ ሁለት ወር አይሞላም። መካከል ላይ አታቁሚ፤ ብዙዎቹ ምዕራፎች አንድ ቦታ፣ አንድ ንግግር ናቸው። ሲቆራረጡ ማን ምን እንዳሰበ ይጠፋል።

ጆሮዬ

የድምፅ መጽሐፉንም ሞክሪው፤ ዓይንሽ ገጹ ላይ፣ ጆሮሽ ትረካው ላይ ሆኖ። ስሞቹ እንዴት እንደሚጠሩ ቶሎ ይያዙልሻል። በሰፊው የሚሰማው ቅጂ ግን አንድ ጠባይ አለው፤ አንዳንዱ ምዕራፍ በብዙ ተዋንያን ይነበባል፣ አንዳንዱ በአንድ ተራኪ ብቻ። የታሪኩ ክፉ ሰው ባሮኑ አንዴ በአንድ ድምፅ፣ አንዴ በሌላ ሲመጣ አትደንግጪ፤ ስልክሽ አልተበላሸም።

ምሽት አንባቢ (ጠያቂ)

ኮከብ ቆጣሪው፣ የጊልዱና የቅመሙ ነገር አሁን ነው የገባኝ። ሁለቴ አይቼው እንኳ አላያያዝኩትም ነበር። ከመጀመሪያው ገጽ እጀምራለሁ፤ ተወስኗል።

ሦስት ነገር ቀረኝ። የቱ ላይ ባቆም ታሪኩ ተቋጨ ማለት ይቻላል? ስለ ሴቶቹ ማኅበር የሚያወራውን ተከታታይ ፊልም ከንባቡ በፊት ልየው? የ14 ዓመት ወንድሜስ አብሬሽ ላንብብ እያለኝ ነው፤ ይሆነዋል?

የጥንቱ

ልጄ፣ ስለ ማቆሚያው እኔ ልንገርሽ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ኸርበርት ራሱ የጻፋቸው ስድስት ናቸው፦ «ዱን» በ1965፣ «ዱን ሜሳያ» በ1969፣ «ችልድረን ኦፍ ዱን» በ1976፣ «ጎድ ኢምፐረር ኦፍ ዱን» በ1981፣ «ሄረቲክስ ኦፍ ዱን» በ1984፣ «ቻፕተርሃውስ፦ ዱን» በ1985። ደራሲው በ1986 አረፈ። «ከሃያ በላይ» የሚሉሽ ልጁ ብራያን ኸርበርት ከኬቨን አንደርሰን ጋር ከ1999 ጀምሮ የጻፏቸውን ጨምረው ነው። ለአሁኑ አንዳቸውም አያስፈልጉሽም።

የመጀመሪያውንና ሁለተኛውን እንደ አንድ መጽሐፍ ቁጠሪያቸው። ኸርበርት ፖልን የጻፈው ሕዝብ የሚያመልከው መሪ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ለማስጠንቀቅ እንደነበር ደጋግሞ ተናግሯል። የመጀመሪያውን ብቻ አንብቦ የሚያቆም ሰው ጀግናው አሸነፈ ብሎ አጨብጭቦ ይወጣል። ሂሳቡ የሚወራረደው ሁለተኛው ላይ ነው። በጊዜው ብዙ አንባቢ በዚህ ከፍቶታል፤ ጀግናቸውን ነካባቸዋ! እኔ ግን ያለ ሁለተኛው የመጀመሪያው ግማሽ ነው ባይ ነኝ።

የቤተሰቡ ጉዳይ ሙሉ በሙሉ የሚዘጋው ሦስተኛው ላይ ነው። አራተኛው 3,500 ዓመት ይዘላል። አንዳንዱ ከስድስቱ ሁሉ ይህን ያስበልጣል፣ አንዳንዱ አሥር ገጽ አይገፋበትም፤ ምክንያቱም አብዛኛው ወሬ ነው፣ ያውም የአንድ ንጉሠ ነገሥት ወሬ። አምስተኛውና ስድስተኛው አዲስ ታሪክ ይጀምሩና ሳይቋጩት ይቀራሉ። ሁለተኛውን ጨርሰሽ ካልጠገብሽ ሦስተኛውን ጨምሪ። እዚያ ላይ ማቆም ያምራል።

መጀመሪያ ላይ የሚከብድሽ ከሆነም ብቻሽን አይደለሽም። ከሃያ በላይ አሳታሚዎች መልሰውታል። በመጨረሻ ያተመው ቺልተን ነው፤ በመኪና ጥገና መማሪያ መጻሕፍት የሚታወቅ አሳታሚ። ከዚያ በ1966 ሁጎና ኔቡላ የሚባሉትን የሳይንስ ልቦለድ ሽልማቶች ሁለቱንም ወሰደ።

ሰባተኛ ጥበብ

ጋሼ እንዲህ ካሉ እኔም እጅ ሰጥቻለሁ፤ ሁለቱንም ታንብብ።

የጠየቅሽው ተከታታይ ፊልም፣ «ዱን፦ ፕሮፌሲ»፣ የ2024 ነው፤ የመጀመሪያው ምዕራፍ ስድስት ክፍል ብቻ ነው። ታሪኩ ከፖል መወለድ 10,000 ዓመት ይቀድማል። ለንባቡ የሚጨምርልሽ ነገር ስለሌለ ቆይቶ ይደርሳል። አንድ ነገር ግን ልብ በይ። የ2003ቱ «ችልድረን ኦፍ ዱን» የቴሌቪዥን ድራማ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን መጽሐፍ አንድ ላይ ነው የያዘው። በስሙ ተታልለሽ ከከፈትሽው የሚመጣውን ፊልም ከነመጨረሻው አየሽው ማለት ነው። የዴቪድ ሊንች የ1984ቱን ፊልም ግን መጽሐፉን ስትጨርሺ እዪው። ያን ሁሉ ታሪክ ከሁለት ሰዓት ትንሽ በላይ በሆነ ፊልም ጨምቆታል። የሰዎቹን ሐሳብ በሹክሹክታ ሊያሰማን ሞክሯል፤ ኮከብ ቆጣሪው ያለው የሐሳብ ነገር ለፊልም ምን ያህል እንደሚያስቸግር እዚያ ይታያል።

ገጽ አጣፊ

ወንድምሽ ካነበበ አይከለከልም። ፖል ራሱ ታሪኩ ሲጀምር 15 ዓመቱ ነው። ግን የባሮኑ ክፍሎች ጭካኔና ጸያፍ ነገር አለባቸው፤ አንቺ ቀድመሽው ብትሄጂ ይሻላል። በመካከል ከሰለቸው የኧርሱላ ለጉዊንን «ኤ ዊዛርድ ኦፍ ኧርዝሲ» ስጪው። የ1968 መጽሐፍ ነው፣ አጭር ነው፣ እንግሊዝኛው የጠራ ነው። ልጁ አስማት ይማራል፣ በትዕቢቱ አንድ አደገኛ ነገር ይለቅቃል፣ ከዚያ ያ የለቀቀው ነገር ያሳድደዋል። ለ14 ዓመት ልጅ ከ«ዱን» ይቀርባል። እንደውም እውነት ለመናገር አንቺም ብታነቢው አትጠዪውም።

ምሽት አንባቢ (ጠያቂ)

ባሮኑን ለኔ፣ አስማተኛውን ለሱ አልኩት፤ ተስማምቷል። የመጨረሻ ጥያቄ፦ በስልክ ላንብበው ወይስ የወረቀቱን ልፈልግ?

ጆሮዬ

የወረቀቱን፣ ከተገኘ። የፈጠራ ቃላቱን ስልክሽ ላይ ያለው መዝገበ ቃላት አያውቃቸውም፤ ስትነኪያቸው ባዶ ነው የሚመልስልሽ። በስልክ ብቻ ከሆነ ግን ሳትጀምሪ ወደ መጨረሻው ሂጂና የመፍቻውን የመጀመሪያ ገጽ ምልክት አድርጊበት። ከዚያ መመለሻው አንድ ንክኪ ነው። ከመግዛትሽ በፊት ደግሞ ማውጫውን እዪ፤ አባሪዎቹና መፍቻው ከሌሉበት የተቆረጠ ቅጂ ነው፣ አትውሰጂው።